አያ ይመር ከወገብ በላይ

መካነ ሰላም ውስጥ «ሥራህ ምንድን ነው?» ተብሎ መጠየቅ ምንም አይደለም፤ ጣጣው መልሱ ላይ ነው። «ቀራፂ ነኝ» ብዬ የተናገርኩበት የመጀመሪያው የገበያ ቀን እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ነጋዴው የሰማው «ቀራጭ» ብሎ ነው። ሚዛኑን በጨርቅ ሸፈነ፣ ጆንያዎቹን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አደረገና «ጌታዬ፣ እኛኮ ገና ዛሬ መውጣታችን ነው» አለኝ። እኔ የፈለግኩት ሰም ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ነሐስ አቅልጬ የሰው ምስል እሠራለሁ» ማለት ጀመርኩ። ይሄም አላዳነኝም። እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንዲት ጎረቤታችን የበግ ቃጭል ይዛ መጥታ «ድምፁ ጎርንኖብኛል፣ እስቲ አቅጥንልኝ» ብላኛለች። እናቴ ደግሞ ሰው ሲጠይቃት «ልጄ ቢሮ ነው የሚሠራ» ትላለች። ቢሮዬ ጓሯችን ነው። ከሰል፣ ጭቃና ሲነፋ እንደ አስም በሽተኛ የሚያቃስት አንድ ወናፍ አለበት።

ሙያውን ለማታውቁት ላስረዳ። መጀመሪያ ሰውየውን በሰም ትሠራላችሁ። ሰሙን በጭቃ ትሸፍናላችሁ። ጭቃውን በእሳት ስታግሉት ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ሰውየው የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። በዚያ ባዶ ቦታ የቀለጠ ነሐስ ታፈሳላችሁ። ባለቅኔዎቻችን ሰምና ወርቅ የሚሉትን ነገር ከዚህ ዓይነት ሥራ ነው የወሰዱት ይባላል። ወርቁን ግን አብረው ሳይወስዱት አልቀሩም፤ ለእኔ የተረፈኝ የተሰበረ ቧንቧ፣ ያረጀ ራዲያተርና የላም ቃጭል ነው። ሰሙንም ቢሆን በሰላም አልገዛውም። ጧፍ ሠሪዎቹ ገና ሲያዩኝ ፊታቸው ይጠቁራል። «ይሄ ሁሉ ሰም ለየትኛው ታቦት ነው?» አሉኝ አንድ ቀን። «ለአያ ይመር ነው» ስላቸው አማተቡ።

አያ ይመር ታቦት አይደሉም፤ ባና ሠሪ ናቸው። የበግ ጠጉር በደጋን ይነድፋሉ፣ ይፈትላሉ፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አድርገው ይሠራሉ። በከተማችን ከዚህ ሥራ ያልሸሹ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሌላው በአበባ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይተኛል። ደጋኑን ይዘው ሲቀመጡ፣ ጅማቱ «ድም፣ ድም» ሲል፣ ጠጉሩ እንደ ጠዋት ጉም ብድግ ብሎ ሲበተን ያየሁ ዕለት «ይህን ሰው በነሐስ ካላስቀረሁት ሞቼ እገኛለሁ» አልኩ። እንግዲህ ሞትን ቀድሜ የጠራሁት እኔው ነኝ።

አያ ይመርን «ዝም ብለው ይቀመጡ» ማለት ፈረስን «ሳትተነፍስ ሩጥ» እንደ ማለት ነው። እጃቸው ሲያርፍ አፋቸው ይነሣል። አፋቸው ተዘግቶ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ፀሐይ እየሞቁ እንቅልፍ ሲጥላቸው። እኔም በዚያች ቅጽበት ተስገብግቤ አፋቸውንም ዓይናቸውንም እንደተዘጉ ሠራሁ። ሰሙን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣

«ስማ እንጂ» አሉኝ። «ሐውልት የሚቆመው ለሞተ ሰው አይደለም እንዴ?»

«አይ አያ ይመር፣ ይሄ የባህል ሥራ ነው። ሙያዎ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

«ሙያዬ እንዳይጠፋ ከሆነ ለምን ተቀምጠህ አትማረውም?»

ጎንበስ ብዬ የሰሙን ጉንጭ ማለስለስ ጀመርኩ።

«ይሁን» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ። ይህን ነገር ወደ ደሴ የምትወስደው ከሆነ፣ አቀስታ ላይ ምሳው እንዳያየኝ።»

ምሳው አቀስታ የሚኖር ታናሽ ወንድማቸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምሳው ልጁን ሲድር አያ ይመርን አልጠራም። ምሳው «መልእክተኛ ልኬያለሁ» ይላል። አያ ይመር «መልእክተኛህ ሰማይ ውስጥ ገባ?» ይላሉ። ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ መልእክተኛውን ፍለጋ ወረዳውን ዞረው ደክሟቸው ተመለሱ። የመሬት ጠብ በፍርድ ቤት ያልቃል፤ የሰርግ ጠብ ግን ይግባኝ የሚባልበት ችሎት የለውም።

ነሐሱን ያፈሰስኩ ዕለት የጭቃውን ሻጋታ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጌ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሬዋለሁ፤ ደንቡ እንዲያ ነው። አናት ሞላ፣ ፊት ሞላ፣ ትከሻ ሞላ፣ እጅ ሞላ። ወገብ ላይ ስደርስ ነሐሱ አለቀ። የቤታችንን ቧንቧ በዓይኔ ስፈልግ እናቴ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። እንዲህ ሆኖ አያ ይመር ከወገብ በላይ ቀሩ። ውጤቱን ለማየት ሲመጡ አካሄዱን ሁሉ በዝርዝር ነገርኳቸው። ከሁሉም የያዙት አንዱን ብቻ ነው፦

«ዘቅዝቀህ ቀበርከኝ?»

የሆነ ሆኖ ምስሉ አምሮ ወጣ። ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ የአያ ይመር ውሻ ዞር ዞር ብሎ አሽትቶ አጠገቡ ተኛ። ከዚህ የሚበልጥ ሃያሲ የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከደሴ ደብዳቤ ደረሰኝ። የባህል ኤግዚቢሽን ስለሚከፈት ሥራዬን ሐሙስ ከቀትር በፊት እንዳደርስ ይላል። በዕድሜዬ የተጋበዝኩበት የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ነበር። የማሳየውም ሥራ ዓመት የለፋሁበት ያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ግማሽ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ከሚኒባሱ ሾፌር ከሰይድ ጋር ተጨቃጨቅን። እኔ ጣሪያ ላይ ይጫን አልኩ።

«ወላሂ አልጭነውም» አለ ሰይድ። «ላይ በግ አለ። በቀንድ ሲወጉት ውለው ደሴ ስንደርስ እኔን ልትከስ? ሰው ከመሰለ እንደ ሰው ይቀመጣላ!»

ለሁለት ተሸክመን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥነው። ደጋኑ የእንጨት ስለሆነ ለብቻው ጠቅልዬ ከወንበሩ ሥር አስገባሁት። ስለዚህ ሁለቱ እጆች አንድ ነገር ለመቀበል እንደተዘረጉ ቀሩ። በዚህ ላይ እናቴ ጋቢ ይዛ ደረሰች።

«ሰው የመሰለ ነገር ራቁቱን መንገድ አይወጣም። ለእኔም ስም ነው» ብላ እስከ አገጩ ሸፈነችው፤ የሱፍ ቆብ ደፍታበት ቅንድቡ ድረስ ሳበችለት። ጉንጩን ዳበስ አድርጋው ስትወርድ «በሰላም ግቡ» አለች። በብዙ ቁጥር ነው የተናገረችው።

ገና ከተማውን ሳንወጣ የገቡት ሰዎች እንቅልፋቸው ስላልለቀቃቸው ምንም አላሉም። ብዙ ከሄድን በኋላ ግን አንዲት ደርባባ ሴት መንገድ ላይ አስቆሙንና ገብተው ከምስሉ ቀጥሎ፣ በእኔና በእሱ መካከል ተቀመጡ። እትዬ ብርቄ ይባላሉ፤ የአቀስታ ሰው ናቸው። «እንደምን አደራችሁ?» አሉ። ሁላችንም መለስን፣ ከአንዱ በቀር። እትዬ ብርቄ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ?»

ዝም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ «ምስል ነው» ብዬ ብናገር ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር። ግን ሥራዬን ማስረዳት ሰልችቶኛል። «ቀራፂ» ብዬ ልጀምር ነው፣ «ቀራጭ» ልባል ነው፣ ሰም ልል ነው፣ ጧፍ ልባል ነው። ስለዚህ፣

«አይሰሙም» አልኩ። ውሸት አይደለም።

«ውይ እኔን! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተሠሩ ጀምሮ።»

«ታዲያ ወዴት እየወሰድካቸው ነው?»

«ደሴ። አዋቂዎች እንዲያዩልኝ ነው።»

የሥነ ጥበብ አዋቂዎች ማለቴ ነበር። እትዬ ብርቄ ደረታቸውን ያዙ።

«አዋቂ ቤት? ኧረ ተው ልጄ! ጠበል አይሻልም?»

«ለእሳቸው ውሃ አይመከርም፣ ያዝጋል» አልኩ።

«እህልስ ይቀምሳሉ?»

«ኧረ ምንም።»

«እንቅልፍስ?»

«እንዲሁ እንደ ተቀመጡ ነው።»

እትዬ ብርቄ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው «እስቲ ከእኔ እጅ ይቅመሱ» አሉና በጋቢው ሥር ገብተው የተዘረጋውን መዳፍ ያዙ። የደጋ ጠዋት ነው፤ ነሐስ ነው። ውርጭ ራሱ ያን ያህል አይቀዘቅዝም።

«ኡኡ! ደርቀዋል! ሰውየው ደርቀዋል!»

ሰይድ ፍሬን ያዘ። ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን፤ ቆቡም ወለቀ። እትዬ ብርቄ ፊቱን አዩ። ሥራዬ ምን ያህል ተዋጥቶልኝ እንደነበር ያን ጊዜ አወቅኩ፣ ባላወቅኩት ይሻለኝ ነበር።

«ይመር! የባናው ይመር! የምሳው ወንድም!» አሉና ስልካቸውን ይዘው ዘለው ወረዱ። እኔ ተከትዬ ልወርድ ስል ከኋላ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ኮቴን ጨምድደው ያዙኝ።

«አባቴ፣ ይልቀቁኝ፣ ነሐስ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ነሐሴ?!» አሉ ሽማግሌው። «በነሐሴ ሞተው እስከ ጥር ሳትቀብራቸው? ምን ዓይነት አረመኔ ነህ?»

በግፊያው ጋቢው ሸርተት አለ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወንበሩን አየ፤ ከወንበሩ በላይ አያ ይመርን አየ፤ በመካከል መኖር የነበረበትን ነገር አላየም።

«እግራቸውስ?» አለ አንድ ሰው ቀስ ብሎ።

«እግራቸውማ አልደረሰም» አልኩ፣ ነሐሱ አልደረሰም ለማለት።

«በሌላ መኪና ነው የሚመጣው?»

በስተመጨረሻ ነገሩን የገላገለን ሰይድ ነው። የጎማ መፍቻውን ይዞ መጣና የአያ ይመርን ትከሻ መታ። «ድውውው» አለ። ኮቴን የያዙት ሽማግሌ ለቀቁኝና በጣታቸው አንኳኩ። ቀጥሎ ያለውም አንኳኳ። ከዚያ መኪናው ሙሉ ሳቅ ሆነ። እትዬ ብርቄ ተመልሰው ገብተው እንደ ቤት በር ሦስት ጊዜ አንኳኩና ከሁላችንም በላይ ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ቆመ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይኔ ጉዴ! ለምሳው ደውዬለታለሁኮ!»

መልሰን ብንደውል ኔትወርክ የለም። መርዶ የምታደርሰው ኔትወርክ ማስተባበያ ለማድረስ ሰነፈች። ሰይድ «አብሽሩ፣ እደርሳለሁ» ብሎ ነዳ፤ እንዴት እንደነዳ በጎቹ ይመስክሩ።

አቀስታ ስንደርስ የምሳው ግቢ መንገድ ዳር ነውና ከሩቅ ታየን። ድንኳኑ ቆሟል። አግዳሚው ተደርድሯል። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይጎርፋል። እንዲህ ያለ ፍጥነት ለሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ አገራችን የት በደረሰች! እትዬ ብርቄ ቀድመው ወርደው «የለም፣ የለም!» እያሉ ሮጡ፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ «የለም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። ልቅሶው ባሰ።

አያ ምሳው በሰው መካከል እየሰነጠቀ መጣ። ራሰ በራ፣ ሰፊ ደረት ያለው ሰው ነው። የሚኒባሱን በር ሲከፍተው ቀድሜ «አያ ምሳው፣ አንዴ ያድምጡኝ» አልኩ። ማን ይሰማኛል!

«አያ ይመር!» አለ። «ወንድሜ! ጥፋተኛው እኔ ነኝ! መልእክተኛ የሚባል የለም! አልላክሁም! ሽማግሌም ዋሸሁ፣ ካህንም ዋሸሁ! አንተ ባለህበት እኔ መቼም ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም፤ አንድ ቀን፣ በልጄ ሰርግ እንኳ፣ ታላቅ ልሁን ብዬ ነው ያልጠራሁህ! ስድስት ዓመት ሙሉ ምግብ አልጣመኝም! ወንድሜ!»

ግቢው ሙሉ ሰው ሰማ። ሳቅ ነበር የጠበቅኩት፤ የመጣብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የአያ ይመርን አንገት ስጠርብና ስሞርድ ሰው እንዲህ ይጠመጠምበታል ብዬ አላሰብኩም።

አያ ምሳውም ተጠመጠመበት። ግን በሙሉ ኃይሉ ስለነበር ግንባሩ ከነሐሱ ግንባር ጋር ተላተመ። «ድውውው» የሚለውን ድምፅ ድንኳን ውስጥ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙ።

«አሁንም አንጀትህ አልራራም!» አለ ምሳው ግንባሩን ይዞ።

ነገሩን እኔና እትዬ ብርቄ ተጋግዘን ነገርነው። አንዴ እኔን፣ አንዴ ምስሉን፣ አንዴ ግቢውን የሞላውን ሰው አየ።

«ይመር ታዲያ የት ነው?»

«መካነ ሰላም።»

«ምን ሆኖ?»

«ደህና ሆነው።»

መጀመሪያ ፊቱ ላይ ደስታ ብልጭ አለ። ቀጥሎ የተናገረውን አስታወሰ መሰለኝ፣ ደስታው እንደ ጧፍ እፍ ብሎ ጠፋ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። «ሰው ፊት የተፋሁትን እንዴት አድርጌ ልዋጠው?» አለ። ግንባሩ ላይ የሾላ ፍሬ የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ሰይድና እኔ ምስሉን ከመኪናው አውርደን አጠገቡ አግዳሚው ላይ አስቀመጥነው፤ ሌሎቹ መንገደኞች በዚያ ግርግር ማን በሠራው ሕግ እንደሆነ እንጃ፣ ወርደው ተቀመጡ። ጎረቤቶች ንፍሮ ይዘው መጥተው ነበር። ይመለስ ወይስ ይበላ የሚለው ክርክር ተነሣና «የተቀቀለ ሽምብራ ተመልሶ አይዘራም» ተብሎ ታደለ። እኛም በላን።

ቆየት ብሎ አንድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና መጥቶ ቆመ። ከፊት ወንበር ላይ አያ ይመር ወረዱ። መርዶው እሳቸውም ዘንድ ደርሶ ኖሯል። ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ ሦስት ለቀስተኞች ቤታቸው መጥተው ነበር፤ አስገብተው «ማን ሞቶብን ነው?» ብለው ጠይቀዋል፤ መልሱንና ወሬው ከአቀስታ መምጣቱን ሲሰሙ በመጀመሪያ ባገኙት መኪና ተሳፈሩ። የመጡት እኔን ለመደብደብ ነው፤ ዱላቸው ይናገር ነበር። አንዳንዱ ሰው ሲያያቸው ወደ አጥር ሸሸ።

«የት አለ ያ ልጅ?» አሉ። «ዘቅዝቀህ ቀበርከኝ፣ እሺ አልኩ። አሁን ደግሞ አስለቀስክብኝ?»

ከእትዬ ብርቄ ጀርባ ተደበቅሁ። ዱላው ግን አልመጣም። አንገቴን ብቅ ሳደርግ አያ ይመር ቆመዋል። የሚያዩት ታናሽ ወንድማቸውን ነው፤ ያበጠውን ግንባር፣ ያበጡትን ዓይኖች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ጆሯቸው ላይ የሆነ ነገር ነገራቸው። በአገራችን ጆሮ ላይ የማይነገር ነገር መቼ አለ!

አያ ይመር ሄደው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በወንድማማቾቹ መካከል የነሐሱ ይመር ተቀምጧል።

«አልቅሰህ ነበር አሉኝ» አሉ።

«ለሞተ ነው ያለቀስኩ» አለ ምሳው መሬት መሬት እያየ።

«ምን ብለህ አለቀስክ?»

«ለሞተ ነው ያልኩት አልኩህ። በቁም ላለ ሰው አይባልም።»

አያ ይመር ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «እንግዲያ ለዚህ ንገረው» አሉ ምስሉን በአገጫቸው እያሳዩ። «እኔ አላዳምጥም።» ፊታቸውንም ወደ መንገዱ አዞሩ።

ምሳው ወደ ምስሉ ጠጋ አለ። ከዚያ ወደ ነሐሱ ዞረና ቀስ ብሎ፣ ጠዋት የጮኸውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረው። መልእክተኛው እንዳልነበረ። ለምን እንዳልጠራ። ስድስቱን ዓመት። ሲጨርስ «ይቅር በለኝ» አለው። ነሐሱ ዝም አለ። አያ ይመር ወደ መንገዱ እንዳዩ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፣

«ብያለሁ ይላል» አሉ።

ሰይድ ክላክስ ነፋ። «ደሴ! ሰዓት ሄደ!» ፀሐይዋ ወደ አናታችን እየተጠጋች ነው። ደብዳቤዬ ኪሴ ውስጥ ቆረቆረኝ። ምስሉን ለማንሣት ጎንበስ ስል ምሳው እጁን ነሐሱ ትከሻ ላይ ጣለ።

«ይሄ ደግሞ የት ሊሄድ?»

«ኤግዚቢሽን። ሰው ያየዋል።»

«አይቶ ምን ያደርጋል?»

«ምንም። ያየዋል። መንካት ግን ክልክል ነው፤ ይጻፍበታል።»

ምሳው በጣም በሐዘኔታ አየኝ። እኔም ያችን እጅ አየሁ፤ ነሐሱ ላይ እንዴት እንዳረፈች አየሁ። ዓመት ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነበር ወይስ ለዚያ? ቀና ብዬ ከመኪናው ወንበር ሥር የቀረውን ደጋን አመጣሁና በተዘረጉት እጆች ላይ አስቀመጥኩ። «ለጊዜው ይቆይ» አልኩ። ደሴ ላሉት ሰዎች ምን እንደምላቸው መንገድ ላይ አስባለሁ፤ ሩቅ ነው።

ወደ መኪናው ስሄድ አያ ይመርም ጋቢያቸውን አራግፈው ለመሄድ ተነሡ። ምሳው ወደ እሳቸው ሳያይ፣ እብጠቱን እያሸ፣

«ዛሬ እደር» አለ።

አያ ይመር ቆም አሉ። «ማንን ነው? እኔን ነው እሱን?»

«ሁለታችሁንም።»